ሙልሙል ካለ ግጥም አይጠፋም

መስከረም ጠብቶ ትምህርት ቤት ሲከፈት የሚሰጠው የመጀመሪያው የአማርኛ ድርሰት ርዕስ በዕድሜ እኔን ሳይበልጠኝ አይቀርም፤ «ክረምቱን እንዴት አሳለፍኩ?» መልሱም እንደ ርዕሱ አልተለወጠም። ልጁ ክረምቱን ያሳለፈው «ወላጆቼን በሥራ በመርዳት፣ የተለያዩ መጻሕፍትን በማንበብና ዘመድ በመጠየቅ» ነው። ይህን ያነበበች እናት ሁሉ የምትጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «የማንን ወላጆች?» ክረምቱን ሙሉ ከሶፋ ላይ ተነስ እያለች ስትለምነው የከረመችው ልጅና ደብተሩ ውስጥ ያለው ልጅ አይተዋወቁም። መምህሩም ከደብተሩ ክምር ውስጥ ያን ያህል ታዛዥ ልጅ አግኝቶ፣ ቀይ ምልክት አድርጎ፣ «ጎበዝ!» ብሎ ይመልሳል። ዋሽተሃል ብሎ የሚከስ የለም፤ ዋሽቻለሁ ብሎ የሚጸጸትም የለም።

ይኸው ልጅ ግን ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ፣ ነሐሴ 13 ለቡሄ፣ ዱላውን ይዞ ከጓደኞቹ ጋር በየሰው በር ሲዞር ነበር። ሆያ ሆዬ ላይ ርዕስ የሚሰጥ መምህር የለም። አውራጁ ከፊት ይቆማል፤ ተቀባዮቹ በዱላቸው መሬቱን እየመቱ ይከተሉታል። ከአያት ከቅድመ አያት የመጣው ግጥም እስኪያልቅ ድረስ ነገሩ ሁሉ በሽምደዳ ነው። ጨዋታው የሚጀምረው ግጥሙ አልቆ በሩ ሳይከፈት ሲቀር ነው። ያኔ አውራጁ አንገቱን አስግጎ በአጥሩ ቀዳዳ ግቢውን ይቃኛል፤ ምን ዓይነት መኪና ቆሟል? ውሻው ታስሯል? መጋረጃው ይነቃነቃል? ባለፈው ቡሄ እኛ ሰፈር አንድ ጋሼ፣ የልጆቹ ድምፅ ሲቀርብ መብራታቸውን ድርግም አደረጉ። ቴሌቪዥኑን ማጥፋት ግን ረስተውታል። የሳሎኑ መስኮት ሰማያዊ ሆኖ ይብለጨለጫል። አውራጁ አፍታም አልቆየ፤

ቴሌቪዥናቸው ሞልቶት ግድግዳውን፣
መብራት አጠፉብን ሲሰሙ ዜማውን።

ጋሼ እየሳቁ ወጡ። የሰጧቸው ብርም መጀመሪያ ሊሰጡ ካሰቡት፣ ማለትም ከምንም፣ በብዙ ይበልጥ ነበር።

እስቲ ያ ልጅ በዚያች ቅጽበት ምን ምን እንደሠራ እንቁጠርለት። ልብ ብሎ አየ፤ ካየው መረጠ፤ ቤት አስመታ፤ የሚሰማውን ሰው ጠባይ ገመተ፤ ስድቡን በሳቅ ጠቅልሎ አቀረበ። ያውም ጓደኞቹ እየተቀበሉት፣ ውሻ እየጮኸበት። ክፍል ውስጥ «ስለ ቴሌቪዥን ጥቅምና ጉዳት ጻፍ» ሲባል «ቴሌቪዥን ብዙ ጥቅም አለው፤ እንዲሁም ብዙ ጉዳት አለው» ብሎ እርሳስ ሲቀርጽ የሚውለው ይኸው ልጅ ነው። በር ላይ ግን የሚሰማው ሰው አለ። ሰውየው ሊስቅም ሊቆጣም፣ ሊከፍትም ላይከፍትም ይችላል። ደግሞም ከበሩ ኋላ ሙልሙል አለ። ስለዚህ ልጁ ቤት ውስጥ እንዲጽፍ የሚፈልግ ወላጅ አስተማሪ ልሁን ብሎ ባይጨነቅ ደግ ነው። ጥሩ የቤት ባለቤት ከሆነ፣ ማለትም በሩን ከከፈተና ሙልሙሉን ካልነፈገ፣ ይበቃዋል።

እኛ ቤት ይህ ሥርዓት የሚከናወነው በበዓል ቡና ላይ ነው። ልማዱን የተከለችው እናቴ ናት። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ጨዋታ መለየት ላይ ግን ማንም አይደርስባትም። አንድ ዓመት በዓል ቄጠማው ተጎዝጉዞ፣ ዕጣኑ እየጨሰ፣ ፈንዲሻው ቀርቦ ሳለ፣ ትልቁም ትንሹም ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ስታየን «ለማን ነው የማፈላው? ለምድጃው ነው?» አለች። ከዚያ ወዲህ ሕግ ወጣ። አቦል ለትልልቆቹ ወሬ፣ ቶና ለልጆቹ ንባብ፣ በረካ ለምርቃት። ቶና ላይ ያነበበ ልጅ የድፎውን የመጀመሪያ ቁራሽና አንድ ያልታጠፈ አዲስ ብር ያገኛል፤ ለቡሄ ሲሆን ሙልሙል ይጨመርለታል። ርዕሱን የሚመርጠው ልጁ ነው። አጠረ፣ ረዘመ አይባልም። «ስለ ምን ልትጽፊ ነው?» ብሎ አስቀድሞ መሰለልም ክልክል ነው። ይህች የመጨረሻዋ አንቀጽ የተጨመረችው ከአንድ እንቁጣጣሽ በኋላ በእኔ ምክንያት ነው፤ ምክንያቱን ልንገራችሁ።

አምስተኛ ክፍል የነበረችው ልጄ ለዚያ በዓል ዶሮ ስገዛ አብራኝ ሾላ ገበያ ሄዳ ነበር። ስትመለስ ዝም ብላለች። ሙቀቱ ነው ብዬ አለፍኩት። በነጋታው ቶና ሲቀዳ ደብተሯን ገልጣ ቆመች፤ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ በሚመስል ድምፅ ማንበብ ጀመረች።

«ለተከበሩ ገዢዬ፤

ጉዳዩ፦ ማብራሪያ ስለመጠየቅ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ከወጥ ቤቱ በር ሥር፣ እግሬ በሲባጎ ታስሮ ነው። ስለ መታረዴ ቅሬታ የለኝም፤ በዓል ነው። ቅሬታዬ ስለ ስሜ ነው። ገበያ ላይ ደረቴን ዳብሰው፣ ቁልቁል አንጠልጥለው ካወዛወዙኝ በኋላ ለሻጩ "ይቺ ዶሮ ናት ወይስ ላባ?" አሉት። ቤት እንደገባን ደግሞ ለባለቤትዎ "እንዲህ ያለች ሥጋም ዶሮ ገበያው ላይ አንድ እሷ ብቻ ነበረች" ሲሉ ሰማሁ። የነገሯቸውም ዋጋ ከከፈሉት ያነሰ ነው። እኔ አንዲት ዶሮ ነኝ። ከሲታም ሥጋምም መሆን አልችልም። ስለዚህ ወደ ድስቱ ከመግባቴ በፊት የትኛዋ እንደሆንኩ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣ ገብስማዋ።

ግልባጭ፦ ለእማዬ።»

ግልባጩ ነው የጎዳኝ። ባለቤቴ ሲኒዋን ረከቦቱ ላይ አስቀምጣ ወደ እኔ ዞረች። ስለ ዋጋው ከዚያ በኋላ የተባባልነውን እዚህ አልጽፈውም። እናቴ ግን በነጠላዋ ዓይኗን እየጠረገች «ድገሚው እስኪ የኔ እናት» አለች። ተደገመ። ጎረቤቶች ሲመጡ ሦስተኛ ጊዜ ተነበበ። ገብስማዋ በአሥራ ሁለት ብልት ተከፋፍላ ከተበላች ቆይታለች፤ ደብዳቤዋ ግን እስከ መስቀል ድረስ ሰፈሩን ዞሯል። ስለ ሥጋዋ ከተጠየቅሁ፣ ለእውነቱ የሚቀርበው ለሻጩ ያልኩት ነው።

ከፍ ያለ ድምፅ ላወጣ ስል እናቴ አንድ ነገር ተናግራ አፌን ዘጋችው፤ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ!» ገና ነው ወይ፣ እንቁጣጣሽ አይደለም ወይ ብዬ ብከራከርም አልሆነልኝም። የገና ጨዋታ ሜዳ ላይ ሎሌው የጌታውን ቅልጥም በዱላ ቢያገኘው አይከሰስበትም እንደሚባለው፣ በእኛ ቤትም ቶና ላይ የተነበበ ነገር በረካ ላይ አይከሰስበትም ተባለ፤ እኔም ከዚያ ወዲያ አስቀድሜ እንዳልሰልል ተከለከልኩ። አስቡት፤ እኛ ሀገር ሰው ሥልጣን ያለውን በነፃነት እንዲነካ ቀን ተቆርጦለት የነበረው በበዓል ነው። ቡሄ ላይ ሕፃን ልጅ ንፉጉን ባለቤት በግጥም ይሸነቁጠዋል፤ ሰውየው ግን ይስቃል እንጂ ፖሊስ አይጠራም። ይህን ፈቃድ ለጎረቤት ልጅ ሰጥተን ለገዛ ልጃችን የምንነፍገው ለምንድን ነው?

መልሱን አውቀዋለሁ። ልጃችን ጸሐፊ እንዲሆን እንፈልጋለን፤ ግን ስለ አበባ። ስለ አደይ አበባ ውበት፣ ስለ ሀገር ፍቅር፣ ቢበዛ ስለ ጥርስ መቦረሽ። ልጅ ደግሞ አበባውን አንዴ አይቶ ያልፈዋል። ዓይኑ ያለው እኛ ላይ ነው፤ በግ ስንገዛ ጥርሱን ፈልቅቀን የምናይበት መንገድ፣ ቤት እንግዳ ሲመጣ የምንለውጠው ድምፅ፣ «አልጋበዝም» ብለን ሦስተኛው ልመና ላይ የምንጎርሰው ጉርሻ። እናት «ኧረ ይሄን ሰው ቢሰማው ምን ይላል!» ባለች ቁጥር ልጁ «ወላጆቼን በሥራ በመርዳት» ወደሚለው ይመለሳል። ልጅ እንዲጽፍ የፈለገ ሰው፣ ስለ እሱ ስለ ራሱ እንዲጻፍ ሊዘጋጅ ይገባዋል። ሌላው ምክር ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው።

ሌላው ምክር ምንድን ነው ካላችሁኝ ደግሞ ስለ ቀይ እስክሪብቶ ነው። ልጄ አንዴ ለመስቀል ስለ ደመራ ጻፈች። ደመራው ወደ የትኛው አቅጣጫ ቢወድቅ ምን ተብሎ እንደሚተረጎም ሽማግሌዎች ሲከራከሩ፣ አመሻሽ ላይ ፀሐይዋ ራሷ ወደ ምዕራብ ወደቀችና ክርክሩን ዘጋችው። ጥሩ ሐሳብ ነው። ሆኖም አጎቷ ደብተሩን ተቀብሎ ካየ በኋላ «ፀሐይ በየትኛው ጸ ነው የጻፍሽው?» አለ። ሌላው ዘመድ በጸሎቱ ጸ ነው አለ፤ ሌላው በፀሐዩ ፀ ነው አለ፤ በሐመሩ ሐ ነው በሀሌታው ሀ ነው የሚለው ሲጨመር ቡናው ቀዘቀዘ። ፀሐይዋ የት እንደወደቀች የጠየቀ አልነበረም። ፊደል መታረም አለበት፤ አልክድም። ግን በማግስቱ ይታረም። ለቶና የመጣ እንግዳ መነጽሩን ኪሱ ውስጥ ይተው።

ከበዓላቱ ሁሉ ለጽሑፍ የሚመቸው የትኛው ነው ብትሉኝ በዓል ያልሆነውን እመርጣለሁ፤ ጳጉሜን። ትምህርት የለም፤ ዝናቡ ገና አልወጣም፤ እናቶች በርበሬና ሽንኩርት ላይ ናቸው፤ ልጅ የትም ቢሄድ «ከእግሬ ሥር ውጣልኝ» ይባላል። ጳጉሜ 3 የሩፋኤል ዝናብ ሲጥል ልጆች ወጥተው ይታጠቡበታል፤ እናቴም በዕቃ ተቀብላ ሊጡ ላይ ጠብ ታደርግበታለች። ከዚያ በኋላ ያለው ከሰዓት ረጅም ነው። በዚያ ከሰዓት ነው ልጆቹን «ስድስተኛዋ ጳጉሜ በማትመጣባቸው ሦስት ዓመታት የት ትቀመጣለች?» ብዬ የጠየቅኋቸው። እንደምታውቁት ጳጉሜ አምስት ቀን ናት፤ በአራት ዓመት አንዴ፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ላይ፣ ስድስት ትሆናለች።

ወንዱ ልጄ፣ የሒሳብ ደብተሩን እንኳ በግድ የሚከፍተው፣ አንድ ገጽ ከግማሽ ጻፈ። ስድስተኛዋ ጳጉሜ ቤት የሌላት ቀጭን ልጅ ናት። የቀጠነችው በዓመት ስድስት ሰዓት ብቻ ስለምትበላ ነው፤ ከእያንዳንዱ ዓመት ትርፍራፊ ሆኖ የሚቀርላት ያው ነውና። ማደሪያ ፍለጋ የማቴዎስን በር አንኳኳች፤ «አዲስ ገብቼ ነው፣ ዕቃዬን አልዘረጋሁም» አላት። ማርቆስ «የመጣሽበት ሰዓት ጥሩ አይደለም» አላት። ሉቃስ ግን ሐኪም ስለሆነ ዓይኗን ገልጦ፣ ምላሷን አይቶ «ይቺ ልጅ ምግብ ያስፈልጋታል፤ አንድ ቀን እኔ ጋ ትተኛ» ብሎ አስገባት። አንድ ቀን ከጠገበች በኋላ ዮሐንስ በሩን ዘግቶ ስለጠበቃት እንደገና መንከራተት ጀመረች።

እናቴ «ሉቃስ ሐኪም መሆኑን ማን ነገረህ?» አለችው። «ራስሽ ነሻ» አላት። የት እንደነገረችው አላስታወሰችም፤ እሱ ግን ይዞት ኖሯል። እኔም ዓመቱ ከ365 ቀን በላይ ስድስት ሰዓት ገደማ ተርፎት፣ ያ ተጠራቅሞ በአራት ዓመት አንድ ቀን እንደሚሞላ ለዚህ ልጅ ከዚህ በኋላ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

እንቁጣጣሽ ላይ ሴቶቹ ልጆች አበባየሆሽ እያሉ ሲዞሩ፣ ወንዶቹ ደግሞ በቀለም የሣሏቸውን አበቦችና መላእክት ይዘው ለጎረቤት ማደላቸው የቆየ ልማድ ነው። አሁን አሁን ሥዕሉ ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር ታትሞ ይገዛል፤ ሁሉም በር ላይ የሚደርሰው ያው አንድ መልአክ ሆኗል። እኛ ቤት የታተመ አይገባም። ልጁ በእጁ ይሥላል፤ ከጀርባው ደግሞ ለሚሰጠው ሰው ብቻ የምትሆን ሁለት ስንኝ ይጽፋል። ለእያንዳንዱ ጎረቤት የተለየ ስንኝ ለመጻፍ ደግሞ ጎረቤትን ማወቅ ግድ ነው። አንድ ዓመት ለአከራያችን የተዘጋጀው ሥዕል ላይ ከለምለሙ አበባ ጀርባ ምን ተጽፎ እንደነበር ያወቅነው ልጁ ሰጥቶ ከተመለሰ በኋላ ነው፤

አደይም ፈካና ዝናቡም አባራ፣
ኪራይ ብቻ ቀረ እንደወጣ ተራራ።

ባለቤቴ በአንድ እጇ ራሷን፣ በሌላው እጇ የበር እጀታ ያዘች። ይቅርታ ልትጠይቅ ልትሄድ ነው። ከመውጣቷ በፊት ሰውየው ራሳቸው መጡ፤ ካርዱ እጃቸው ላይ ነው፤ «ይህን የጻፈው የታል?» አሉ። ልጁ ከበሩ ጀርባ ብቅ አለ። ራሱን ዳብሰው መቶ ብር ሰጡት። ካርዱን ሳሎናቸው ውስጥ ለጥፈውታል፤ ለሚመጣ ሰው ሁሉ ያነቡታል። ኪራዩን አልቀነሱም።

ስለ ገና ብዙ አልልም። በአንዳንድ ቤት ፕላስቲክ ዛፍ ቆሞ ጥጥ ይነሰነስበታል፤ በረዶ ነው ይባላል፤ ታኅሣሥ ቀትር ላይ ያለውን የአዲስ አበባ ፀሐይ እያየን ማለት ነው። መቀለዴ እንጂ ጥላቻ የለኝም። ልጄም ቀልዳበታለች። የገና አባት በዚያ ሁሉ ሱፍ ካፖርትና ቦት መርካቶ ደርሶ፣ ላቡ ሲያሰጥመው ልብሱን ሳልባጅ ተራ ሸጦ፣ በገንዘቡ ነጭ ጋቢ ገዝቶ፣ በቀረችው ደግሞ ጠላ ጠጥቶ ስጦታውን የት እንዳስቀመጠ የረሳበት ታሪክ ነው። ካነበብኳቸው የገና ታሪኮች ሁሉ ይህኛው ይሻለኛል፤ ዳኛው እኔ መሆኔን ሳትዘነጉ።

የፋሲካው ደግሞ የድመታችን ማስታወሻ ነበር፤ ሳትጠየቅ 55 ቀን የምትጾም ድመት፣ ሽሮ እየሸተተች ቀን የምትቆጥር። ለዒድ ከጎረቤታችን ጋር ቡና ስንጠጣ የእነሱም ልጅ ደብተር ይዛ መጣች። የእሷ የምርመራ ታሪክ ነው። በረመዳን ከመግሪብ በፊት ከሳህኑ ላይ የጎደለችው ሳምቡሳ ወዴት ገባች? ተጠርጣሪዎቹ ተራ በተራ ይጠየቃሉ፤ ማስረጃው የአንዱ ታናሽ ወንድም ጺም የሌለው አገጭ ላይ የተገኘ ፍርፋሪ ነው። ወንድምየው እዚያው ተቀምጦ ነበር። ከአገጩ ላይ የሌለ ፍርፋሪ ሲጠርግ ሁላችንም አየነው።

መጻፍ ያልቻሉት ትንንሾቹስ? እነሱ ይናገሩ፤ ትልቅ ሰው ይጻፍላቸው። የእኔ ትውልድ አባባ ተስፋዬን በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን እያየ ነው ያደገው፤ ቴሌቪዥን ያልነበረውም በጎረቤት መስኮት። ለአሥርት ዓመታት ተረት ነገሩን፤ እኛ ግን በማግስቱ ተረቱን ላላዩት ስንነግር ጅቡን አሳድገነው፣ ጦጣዋንም የሰፈራችን ልጅ አድርገናት ነበር። ያንን የጻፈልን ስላልነበረ ጠፋ። አሁን የመጨረሻው ልጄ ሲናገር እኔ ጸሐፊው ነኝ፤ ያለውን እንዳለ እጽፋለሁ። «ከዚያ በጉ ባአ አለ፣ ከዚያ አባዬ ፈራ» ካለ «አባዬ ፈራ» ተብሎ ይጻፋል። ለማሻሻል ስሞክር ያውቅብኛል። ፊደል ሳይለይ፣ ጣቱን ወረቀቱ ላይ አድርጎ «እዚህ ጋ ነው ፈራ ያልኩት፤ አንብበው» ይለኛል።

እንግዲህ የሚመጣው በዓል የትኛውም ይሁን፣ ገበያ ስትወጡ ከሽንኩርቱና ከቅቤው ጋር ለልጃችሁ አንድ ደብተር ጨምሩ። ርዕስ አትስጡት፤ የሚያነብበትን ሰዓት ብቻ ንገሩት፤ ስትሰሙም ስልካችሁን አስቀምጡ። ስለ እናንተ ከጻፈ ሳቁ፤ መሳቅ ካቃታችሁ ቡና ጠጡ። ወጪው አያሳስባችሁ፤ ባለ 50 ሉክ ደብተር ከዶሮ ይረክሳል፣ ዋጋውንም ለሚስት አሳንሶ መናገር አያስፈልግም።